የክብሪት እንጨት የምታክል ነገር

ጠቡ የተነሳው በስልክ ቻርጀር ነው። ወንድሟ ስልኩ ላይ ሰክቶት ያደረውን ነቅላ የራሷ ላይ ልትሰካ ስትል፣ እሱ ከአልጋው ሳይነሳ እጁን ሰዶ ክንዷን ከብብቷ ዝቅ ብሎ ለቀም አደረጋት፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደሚያደርገው፣ "ማረኝ" እስክትል ጨምቆ ሊለቃት። ዛሬ ግን አልጨመቃትም። አውራ ጣቱ የሆነ ነገር ላይ አረፈና ቆመ። ወደ ላይ ገፋው፣ ወደ ታች ሳበው፤ ከክንዷ ውስጠኛ ወገን፣ ከቆዳዋ ሥር፣ የክብሪት እንጨት የምታክል ቀጥ ያለች ነገር ከጣቱ ጋር አብራ ተንሸራተተች። "ይሄ ምንድነው?" አለ። "ምንም" አለች። "ምንም ማለት ምን ማለት ነው? አጥንት አይደል፣ እባጭ አይደል።" "ልቀቀኝ አልኩህ!" ከመጋረጃው ወዲያ ሻይ እየቀዳች የነበረችው እናታቸው ማንቆርቆሪያውን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች።

"እማዬ፣ ነይ እስቲ ንኪው" አለ አለቃ። አለቃ የመዝገብ ስሙ አይደለም። አባቱ የጭነት መኪናውን ይዞ ሩቅ መንገድ በወጣ ቁጥር "እኔ እስክመለስ የዚህ ቤት አለቃ አንተ ነህ" ይለው ስለነበር የሰፈር ልጆች ያወጡለት ነው፤ እነሱ ለቀልድ ሲጠሩት እሱ የምሩን ተሾመ። አሁን ጎማ ጥገና ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ፣ ደንበኞቹ ሳቂታና ጨዋታ አዋቂ ነው የሚሉት ጎረምሳ ነው። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እሱ ነው። እናትየው መጋረጃውን ገልጣ መጣች እንጂ አልነካችውም። መንካትም አላስፈለጋትም። በምትሠራበት ላውንድሪ ቤት ሁለቱ አጣቢዎች እንዲህ ያለውን ክንዳቸው ላይ አስቀብረው፣ ምሳ ሰዓት ላይ እጅጌያቸውን ሰብስበው "እስቲ ዳሺው" እየተባባሉ ሲሳሳቁ አይታለች። የእርግዝና መከላከያ ነው። እናት ልጇን አየቻት፣ ልጅቷ መሬት መሬቱን አየች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእናትየው ግን ዓይኗም ባዳ ሆኖ ኖሯል፣ ያውም በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ በአንድ መጋረጃ ተከልለው እያደሩ፣ የአንዱ ሳል ሌላውን እየቀሰቀሰ።

አለቃ ነገሩ የገባው ከእናቱ ዝምታ ነው። ተነስቶ ግሪስ የጠጣውን ቱታውን ማጥለቅ ጀመረ፤ አንዱን እግሩን ሁለቴ ሳተው። "ይሄ ነገር ዛሬ ይወጣል" አለ። "አባባ ማታ ይገባል። እሱ ከመግባቱ በፊት ካልወጣ የምነግረው እኔ ራሴ ነኝ።" እናትየው "ድምፅህን ቀንስ፣ ጎረቤት አለ" አለችው። ከአፏ የወጣው የመጀመሪያው ነገር ይሄ መሆኑን በኋላ፣ መንገድ ላይ ስታስበው አፈረች።

አባትየው እጁን የሚያነሳ ሰው አይደለም። ቢያነሳ ይሻል ነበር የሚያሰኘው ዝምታው ነው። ታናሽ እህቱን "የማይሆን ሰው አገባች" ብሎ ያኮረፈ ጊዜ ሳያናግራት ዓመታት አለፉ፤ የታረቃት ቀብሯ ላይ ቆሞ ነው፣ ያ መታረቅ ከተባለ። ልጅቷ ዘንድሮ ትምህርቷን ልትጨርስ ነው። አባቷ ከመንገድ ሲመለስ ጃኬቱን ሳያወልቅ የሚጠይቀው "ትምህርት እንዴት ነው?" ብሎ ነው፤ ሌላ ነገር መጠየቅ አያውቅበትም። ይህችን አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ካቆመ በዚያ ቤት ውስጥ ልጅቷን ወደፊት የሚገፋት ነገር እንደማይኖር እናትየው ታውቃለች። ሻዩን ከእነትኩሳቱ ወደ ማንቆርቆሪያው መለሰችው።

"ልበሺ" አለቻት።

"ትምህርትስ?"

"ልበሺ ነው ያልኩሽ።"

ላውንድሪ ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በፎቶ ቤትና በቁልፍ ቀራጭ መሀል የተሰነቀረ ጠባብ ሱቅ ነው። ከፊት ለፊት ንፁህ መስታወትና በላስቲክ ተሸፍኖ የተሰቀለ ሙሉ ልብስ ይታያል፤ ከጀርባ ያለው ክፍል ግን ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው ከእንፋሎት ብዛት ቀለሙን እንደ ቅርፊት የሚጥል ነው፤ ከሁለቱ ማጠቢያ ማሽኖች አንዱ ሁልጊዜ የተበላሸ ነው። እናትየው የምትሠራው እዚያ ነው። ሰው ሥራዋን ሲጠይቃት "ተኳሽ ነኝ" ትላለች፤ "በየትኛው ጦር?" ሲሏት "በሸሚዝ ጦር" ትላለች። ቀልዱ አርጅቷል፣ እሷም አብራው አርጅታለች፤ ሌላ ስለሌላት ግን አልጣለችውም። የሱቁን ባለቤት ሁሉም እትዬ ነው የሚሏት፤ እትዬ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ተቀምጣ ሬዲዮ ታዳምጣለች።

"ዛሬ?" አለች እትዬ። "የሆቴሉ አንሶላ በሚገባበት ቀን?"

"ልጄን ሐኪም ጋ ላደርሳት ነው፣ እትዬ። ይፍቀዱልኝ።"

"ምን ሆነች?"

"ክንዷን ነው።"

እትዬ በሩ ላይ የቆመችውን ልጅ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። "ክንድ ለማሳየት ሁለት ሰው የግድ ነው? በይ የጠበቃውን ሸሚዞች ጨርሺና ሂጂ። ከሰዓት ግን እንዳትቀሪብኝ።"

ልጅቷ ያልታጠበ አንሶላ የታጨቀበት ጆንያ ላይ ተቀመጠች። እናቷ ስትሠራ ካየቻት ብዙ ጊዜ ሆኗታል፤ ትንሽ ልጅ ሆና፣ የሚጠብቃት ሲጠፋ፣ እዚሁ ጆንያ ላይ ትተኛ ነበር። እናትየው ውሃ በአፏ ሙሉ ይዛ ሸሚዙ ላይ በፍ ብላ ረጨች፤ የካውያው የውሃ መርጫ ከተበላሸ ቆይቷል፣ እትዬም "አስጠግነዋለሁ" ማለቷን አላቆመችም። መጀመሪያ ኮሌታውን፣ ቀጥሎ ትከሻውን፣ ቀጥሎ እጅጌውን። ሙቀቱ ሲበረታባት የራሷን እጅጌ ሰበሰበች፤ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ የካውያ ጠርዝ ያተማቸው ጠባሳዎች አሉ፤ አሮጌዎቹ ነጣ ያሉ፣ አዲሱ ገና ቅርፊቱን ያልጣለ። ልጅቷ ጠባሳዎቹ ላይ ዓይኗን ጣለች። እናትየው መታየቷን አወቀች፤ እጅጌዋን ልትመልስ አሰበችና ተወችው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ያዩት ሸሚዙን ነው።

ወደ ጤና ጣቢያው በእግራቸው ሄዱ። ታክሲ ታሪፍ ከጨመረ ወዲህ እናትየው ቅርብ ነው የሚባለውን ሁሉ በእግር ነው የምትጨርሰው፤ ሩቅ የሚባለውም እያደር ቅርብ እየሆነባት ነው። የእግረኛው መንገድ ጠባብ ነው፣ ግማሹን ሸራ ላይ ጫማ ዘርግተው የሚሸጡ ነጋዴዎች ይዘውታል፤ ስለዚህ እናት ከፊት ልጅ ከኋላ ሆነው በሰልፍ ሄዱ፣ መነጋገርም ያልተቻለው በመንገዱ ጥበት ምክንያት መሰለ። እናትየው ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይወጣል፣ ይጣላል፣ ማታ ሰውየው ሲገባ ቤቱ ትናንት እንደነበረው ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለውን ማሰብ አቅም ይጠይቃል፤ አቅሟን ደግሞ የጠበቃው ሸሚዞች ወስደውታል።

የመጠበቂያው ክፍል አግዳሚ ወንበር ከመሀሉ አንድ ጣውላ የወለቀበት ነው፤ የሚያውቀው ሰው ዳር ዳሩን ይዞ ይቀመጣል፣ የማያውቀው ይሰምጥና ሁሉም ይስቃል። ግድግዳው ላይ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር የሚስቁበት ፖስተር ተለጥፏል፤ ፀሐይ ፊታቸውን በልቶት ጥርሳቸው ብቻ ቀርቷል። ከአጠገባቸው ሕፃን የታቀፈች ሴት ስለ ወተት ዱቄት ዋጋ ታማርር ነበር፤ ቆርቆሮው እያነሰ ዋጋው እያደገ መሄዱን፣ ሕፃኑ ግን ይህን አልሰማም ብሎ እንደሚጠጣ። "ልጅሽ ናት? እኔ እህትሽ መስላኝ" አለቻት እናትየውን። "ልጄ ናት።" "ታድለሽ። አሳድገሽ ጨረስሽ፣ አረፍሽ።" እናትየው ለመሳቅ ሞከረች። ሴትየዋ ተራዋ ደርሶ ስትነሳ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ቀረ፤ ሁለቱም ሊሞሉት አልተጠጉም።

"ማነው?" አለች እናት፣ ፖስተሩን እያየች።

ልጅቷ የወንበሩን ጠርዝ በጥፍሯ ፋቀች።

"የሰፈር ልጅ ነው?"

"አይደለም።"

"የትምህርት ቤት?"

"ነበረ" አለች ልጅቷ። "አሁን የለም። ተለያየን።"

እናትየው ይሄን ስትሰማ ደስ ይበላት ወይ ትዘን አላወቀችም። በራሷ ቤት፣ ከመጋረጃው ወዲህ፣ አንድ ሰው ከልጇ ሕይወት ውስጥ ገብቶ ወጥቷል፤ ልጅቷ አልቅሳ ይሆናል፣ ትራሷን ነክሳ ይሆናል፤ ጠዋት ግን ተነስታ እንደማንኛውም ቀን ዳቦዋን በልታ ወጥታለች። "ከሌለ ታዲያ ይሄ ክንድሽ ላይ ምን ይሠራል?"

"እሱ ባይኖርም ይኑር ብዬ ነው" አለች ልጅቷ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ከጎኔ የምትቀመጠዋን ታስታውሻታለሽ? ቤት እየመጣች ሒሳብ የምታስጠናኝን።"

"እንዴት አላስታውሳትም! አሁንማ ጠፋች።"

"ወለደች።"

"ምን?"

"ወለደች፣ እማዬ። ከትምህርት ቤት ቀረች። ወንበሯ ላይ አሁን ቦርሳዬን ነው የማስቀምጥበት።" ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር፣ በዚህ ዕድሜ የማይጠበቅ። "እሷ እኮ አንደኛ ነበር የምትወጣው። እኔ መሀል ላይ የምንገታገት ነኝ። እሷን ያልማሩ እኔን ይምሩኛል?"

"ለኔ ግን አትነግሪኝም ነበር?"

"ብነግርሽ ምን ትዪኝ ነበር?"

እናትየው መልሱን ከልቧ ፈለገችው። ትል የነበረውን ሁሉ አንድ በአንድ አሰበች፤ ትጮህ ይሆናል፣ ታለቅስ ይሆናል፣ "ድምፅሽን ቀንሺ" ትላት ይሆናል። ልጅቷ እንድትሰማው የምትፈልገው አንድም አላገኘችበትም። በዚያ መሀል በሩ ተከፈተና ተጠሩ።

ነርሷ በዕድሜ የገፋች፣ እግሯ አብጦ ነጠላ ጫማ የተጫማች ሴት ናት፤ ሁሉም ሲስተር ይሏታል። ጉዳዩን ከእናትየው አፍ ግማሹን እንደሰማች እጇን አነሳች። "እናት ትንሽ ውጪ ይጠብቁኝ" አለች። "እኔ እናቷ ነኝ እኮ።" "ለዚያ ነው ውጪ የሚጠብቁት።" እናትየው ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። በሩ ስስ ነው፤ ቃሉ አይለይም፣ ድምፁ ግን ይሰማል፤ የሲስተር ጎርናና ድምፅ፣ የልጅቷ አጭር አጭር መልስ። ከዚያ፣ ባልጠበቀችው ሰዓት፣ ሳቅ። ልጅቷ ሳቀች። ለምን እንደሳቀች አይታወቅም፤ ግን ከልብ የወጣ፣ ትንሽ ልጅ እያለች የምትስቀው ዓይነት ሳቅ ነው። እናትየው ይህን ሳቅ ከሰማች መቼም ብዙ ጊዜ ሆኗታል፤ ያገኘችውም በማታውቃት ሴት በር ሥር ቆማ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ከደረሰባት ሁሉ ይህኛው ነው አንጀቷ ድረስ የገባው።

ተመልሳ ስትገባ ሲስተር ለእሷም ወንበር ሳበችላት። "ነገሩን ነግራኛለች" አለች። "ማውጣቱ ቀላል ነው። ክንዱ ግን የሷ ነው፤ አውጪልኝ ማለት ያለባትም እሷ ናት። እናት ወይም ወንድም አዘዘ ብዬ ምላጭ አላነሳም።"

"ይውጣ" አለች ልጅቷ።

"ስላልተስማማሽ ነው? ያምሻል?"

"ተስማምቶኛል። መጀመሪያ አካባቢ የወር አበባዬ ተዛብቶብኝ ነበር፣ አሁን ደህና ነኝ።"

"ታዲያ ለምን ይወጣል?"

"ቤት መግባት ስለምፈልግ።"

ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልተቆጣችም፤ እንዲህ ያለ መልስ ስትሰማ የመጀመሪያዋ እንዳልሆነ ፊቷ ይናገር ነበር። እንደ ሸቀጥ ደርዳሪ ያለውን ሁሉ በቅደም ተከተል ታወጣ ጀመር። "እንክብል አለ። በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይዋጣል፣ መርሳት የለም። ቤታችሁ ስንት ክፍል ነው?" "አንድ" አለች ልጅቷ። "የት ታስቀምጪዋለሽ?" ልጅቷ አሰበች። ፍራሹን፣ ቦርሳዋን፣ የጫማ ካርቶኗን አሰበች፤ አለቃ ቻርጀር ሲፈልግ የማይበረብረው ቦታ ግን አላገኘችም። "በማህፀን የሚገባ አለ፣ እሱ ሆርሞን ያለውም የሌለውም አለ፤ እዚህ ግን የሚያስገባው ሐኪም ተዛውሮ ሌላ እስኪመጣ እየጠበቅን ነው። መርፌ አለ…"

"መርፌው ይሻላታል" አለች እናትየው።

ሁለቱም ዞር አሉ። እናትየው ራሷም የዞረች ያህል ተሰማት። የመጣችው ሊወጣና ሊጣል ነበር፤ በምትኩ ስለሚገባው ነገር ልትናገር አልነበረም። አፏ ግን አንዴ ተከፍቷል። "የሦስት ወሩ መርፌ" አለች። "እኔ አውቀዋለሁ። ዳሌ ላይ ነው የምወጋው፣ ምልክት የለው፣ የሚዳሰስ የለው። ይሄን ሁሉ ዓመት ማንም አላወቀብኝም።"

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። አባቷ እንግዳ በመጣ ቁጥር "ፈጣሪ ሁለት ሰጠንና ሦስተኛውን ነሳን" ሲል፣ እናቷ ደግሞ አንገቷን ደፋ አድርጋ "እሱ ያውቃል" ስትል ሰምታ ነው ያደገችው። አሁን እነዚያን ሁሉ ምሽቶች መልሳ የምታያቸው ይመስል ዓይኖቿ እናቷ ፊት ላይ ወዲያ ወዲህ አሉ። እናትየው ጣቶቿን ቆጥራ ጨርሳ እንደገና ጀመረች።

ሲስተር ነገሩን ያልሰማች መስላ ቀጠለች፤ ደግ ሴት ናት። መርፌው ቀኑ ካለፈ ዋስትና እንደሌለው፣ የወር አበባ ሊያዛባ ወይም ሊያቆም፣ ውፍረት ሊያመጣ እንደሚችል ነገረቻት። "ይሄኛው ምንም ሳይጠይቅሽ ዓመታት ይጠብቅሽ ነበር። ያኛው በየጊዜው ነይ ይልሻል፤ መቅረት የለም። ከበሽታ ደግሞ አንዳቸውም አይጠብቁሽም፤ ለዚያ ኮንዶም ነው፣ አፍረሽ እንዳትተዪው።" ልጅቷ እናቷ ባለችበት ይህ ቃል ሲነገር ጆሮዋን የምትደፍን መሰለች፤ ግን ራሷን ነቀነቀች። "እና አሁንስ? አንቺን ራስሽን ነው የምጠይቅሽ።" ልጅቷ "መርፌው ይሁን" አለች። "ማንም የማይነካውን ስጪኝ።"

ማደንዘዣው ሲወጋ ብቻ ነው ፊቷን ያጨማደደችው። ከዚያ ጣሪያውን እያየች ተኛች። ነፃው እጇ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጧል። እናትየው እጇን ከላዩ ላይ አደረገች፤ ልጅቷ አልያዘቻትም፣ እጇንም አላሸሸችም። ሲስተር ትንሽ ሰንጥቃ በጣቷ ከታች ገፋ ስታደርጋት ነጭ ቀጭን ነገር ብቅ አለች፤ በመቆንጠጫ ስባ አውጥታ የብረት ሳህን ላይ ጣለቻት። ድምፅ እንኳ አላሰማችም። እናትየው ጎንበስ ብላ አየቻት፤ ቤቱን ከጠዋት ጀምሮ ያመሰው ይህ ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል። "ደህና ይሠራ የነበረ ነገር" አለች ሲስተር፣ ለሳህኑ እንጂ ለነሱ አልነበረም። ቁስሉን በፕላስተር አሽጋ በፋሻ ጠመጠመችው፤ ውሃ እንዳይነካው አለች። ከዚያ መርፌውን ይዛ መጋረጃውን ሳበች።

ሲመለሱ ጎን ለጎን ሄዱ። ጫማ ሻጮቹ ለምሳ ሸራቸውን ጠቅልለው ስለነበር መንገዱ ሰፍቷል። "አባባ ያውቃል?" አለች ልጅቷ።

"አባትሽ የሚያውቀውን ያውቃል።"

"ለምን ግን?"

እናትየው ከፊታቸው የቆመ የውሃ ጋሪ እስኪያልፍ ጠበቀች። "አንቺ ስትወለጂ ደክሞኝ ነበር" አለች። "በጣም ነበር የደከመኝ።"

"ከዚያ አረፍሽ?"

"አላረፍኩም። ግን ሌላ አልጨመርኩበትም።"

መገንጠያው ላይ ልጅቷ ወደ ቤት፣ እናትየው ወደ ላውንድሪ ቤቱ ተለያዩ። የሆቴሉ አንሶላ ከነጆንያው ጠብቋት ነበር። "ክንዷ እንዴት ሆነ?" አለች እትዬ። "ወጣ።" "ምኑ?" "የነበረው" አለቻትና ካውያውን ሰካች። ከሰዓት በኋላው ነጭ ጨርቅ ብቻ ነበር፤ ታጥፎ፣ ተተኩሶ፣ እንደገና ታጥፎ። የማታውቃቸው ሰዎች የተኙበትን፣ ያለቀሱበትን፣ የተዋደዱበትን ሁሉ እንዳልነበረ አድርጋ ለጠጠች። ማታ እግሯ ጫማዋ ውስጥ አልመለስ ብሎ የጫማውን ተረከዝ ረግጣ ነው የወጣችው።

ቤት ስትደርስ አለቃ ከደጁ ላይ እጁን በዱቄት ሳሙና እየፈተገ ነበር፤ ልጅቷ ውስጥ ድንች ትልጣለች፣ በአንድ እጅ ማለት ይቻላል። አለቃ ተከትሏት ገባ። "ወጣ?" አለ። "ወጣ።" "ልየው" ብሎ ወደ እህቱ ተራመደ፤ እጁ ገና አረፋ ነበረበት። እናትየው በመካከል ቆመች። ያሰበችበት ነገር አልነበረም፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ አንድ እርምጃ በቃት።

"እጇን አትነካም።"

"ለማየት ነው…"

"ዛሬም፣ ነገም አትነካም። ከእንግዲህ የሷን ክንድ አትይዝም።"

"እኔ እኮ ለሷ ብዬ ነው፣ እማዬ። ሰው ምን ይላል? ነገ ማን ያገባታል?"

እናትየው ድምፅዋን አላነሳችም። "ሱሪህን የማጥበው እኔ ነኝ" አለችው። "ኪሱን ሳልፈትሽ ውሃ ውስጥ አልነክረውም። ያገኘሁትን ሁሉ፣ ኮንዶሙን ሳይቀር፣ ሱሪው ሲደርቅ መልሼ ኪስህ ከትቼልሃለሁ። አንድ ቀን ጠይቄህ አውቃለሁ? አንድ ቀን ለአባትህ ነግሬብሃለሁ?"

አለቃ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እህቱ ቢላውን ያዝ አድርጋ ድንቹን አየች፤ ሳቋ እንዳይመጣ ወይም እንባዋ፣ የትኛው እንደሆነ ራሷም አላወቀችው። "ያ ሌላ ነው" አለ በመጨረሻ። "ምኑ ነው ሌላ?" አለችው እናቱ። ከልቧ ነበር የጠየቀችው፤ ቢነግራት ለመስማት ዝግጁ ነበረች። አለቃ ግን ምኑ ሌላ እንደሆነ ፈልጎ አጣው፤ እጁ ላይ ያለው አረፋ እስኪደርቅ ቆመና ሊታጠብ ወጣ።

አባትየው ሲገባ ገና ጨለማው አልበረታም ነበር። ረጅም መንገድ በመጣ ቁጥር የሞተሩ ድምፅ ጆሮው ውስጥ ስለሚቆይ እየጮኸ ነው የሚያወራው፤ ሰላምታውም ጩኸት ነበር። "ትምህርት እንዴት ነው?" አለ ጃኬቱን ሳያወልቅ። "ደህና ነው" አለች ልጅቷ። ተቀምጠው መብላት ጀመሩ፤ ድንቹ ጨው አንሶታል፣ ማንም አልተናገረም። አባትየው ዳቦውን ሲቆርስ ዓይኑ ፋሻው ላይ አረፈ። "ክንድሽን ምን ሆንሽ?"

አለቃ ቀና አለ፤ አባቱን አየ፣ እናቱን አየ። መናገር ይችላል፤ ጠዋት የዛተው ለዚህ ሰዓት ነበር። እናትየው ያነሳችውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

"ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር" አለች ልጅቷ። "ከእማዬ ጋር።"

"ምን ሆና?" አለ አባትየው ወደ ሚስቱ ዞሮ።

"የሴት ነገር ነው" አለች እናትየው።

አባትየው እሳት እንደነካው ሰው ከዚያ ወሬ ፈጥኖ ወጣ። "እህ" አለ፣ "እህ፣ ደህና። ተሻላት አይደል?" ጨው አቀብሉኝ አለ። ጨውን ያቀበለው አለቃ ነው። "መንገዱ እንዴት ነበር፣ አባባ?" አለ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ፤ አባትየውም ስለ ድልድዩ፣ ስለ ነዳጅ ወረፋው፣ ጎማ ስለፈነዳበት ቦታ እየጮኸ ማውራት ጀመረ።

እናትና ልጅ ሳህኑን ይዘው የግቢው ቧንቧ ጋ ወጡ። ፋሻው ውሃ ስለማይወድ እናትየው ታጥባለች፣ ልጅቷ በጨርቅ ታደርቃለች። ውሃው ይቀዘቅዛል፤ በካውያ የተለበለበው አንጓዋ ላይ ግን ደስ ይላል። ልጅቷ አንድ ሳህን ደጋግማ አደረቀችው።

"የሚቀጥለው መርፌ የፈተናው ሰሞን ነው የሚውለው" አለች። "ብቻዬን እሄዳለሁ። እትዬ ትቆጣሻለች።"

እናትየው ድስቱን አዘቅዝቃ ውሃውን አንጠባጠበች። እዚያው ድንጋዩ ላይ ብትቀመጥ የምትነሳ አይመስላትም፣ ስለዚህ አልተቀመጠችም። "አይሆንም" አለች። "ብቻሽን አትሄጂም።"

"ለምን? መንገዱን አወቅኩት እኮ።"

"እኔ ሁልጊዜ ብቻዬን ነው የሄድኩት" አለች እናትየው፣ ድስቱንም አቀበለቻት። ልጅቷ በደህናው እጇ ተቀበለቻትና ማድረቅ ጀመረች። ከውስጥ አባትየው ጎማውን ሲቀይር ማን እንደረዳው ይጮሃል፤ አለቃም "እሺ" ይላል፣ "እሺ አባባ።"